ውሻው ለምን ነከሰ? የእንስሳት ጠባይ ሕክምና ትምህርትና ማዕረግ በአውሮፓ

በአውሮፓ የውሻና የድመት ጠባይ የሚያክም ሐኪም አለ ሲባል የሰማ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ውሻ በእኛ ዘንድ የግቢ ጠባቂ ነው፤ ጠባዩ ከከፋ ይታሰራል፤ ከባሰበትም ይወገዳል። ለዚህ ጉዳይ ሐኪም መጥራት ለብዙዎቻችን የጥጋብ ነገር መስሎ ይታየናል። ይሁን እንጂ ጉዳዩን ጠጋ ብለን ስንመረምረው ከቅንጦት የራቀ ጥያቄ ይገጥመናል። ለዓመታት ከቤተሰቡ ጋር በሰላም የኖረ አንድ ውሻ አንድ ቀን የቤቱን ሕፃን እጅ ነከሰ እንበል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በቤቱ ውስጥ አንድ ውሳኔ ይጠበቃል፤ ውሻው ይቆይ ወይስ በመርፌ ይገደል? ውሳኔው የተሳሳተ እንደሆነ በአንድ በኩል ሕፃኑ ዳግመኛ ሊነከስ ይችላል፤ በሌላ በኩል ደግሞ የጥርስ ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ብቻ የነበረበት እንስሳ ደመ ከልብ ሆኖ ይቀራል። ታዲያ "ይህ ውሻ የነከሰበትን ምክንያት አውቃለሁ" ብሎ ለመናገር የሚገባው ማን ነው? ምን ያህል ተምሮ? በማንስ ተፈትኖ?

የፊዚክስ መምህር ሆናችሁ ሳለ በእንስሳት ሐኪሞች ጓዳ ምን አገባችሁ የሚለን አንባቢ አይጠፋም። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ የአውሮፓ ኅብረት የእንስሳት ሐኪም ሊማራቸው የሚገቡትን ትምህርቶች በዘረዘረበት ሕግ ውስጥ ከመሠረታዊ ትምህርቶች ሁሉ በመጀመሪያው መስመር ላይ የተጻፈው ፊዚክስ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ባዕዳን አይደለንም። ሁለተኛ፣ ከሚታየው ውጤት ተነሥቶ ወደማይታየው ምክንያት መመለስ የሙያችን የዕለት እንጀራ ነው። አንድ ዓይነት ውጤት ከብዙ ልዩ ልዩ ምክንያቶች ሊመነጭ በሚችልበት ጊዜ ሥራው ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሚሆን እናውቃለን። ንክሻ እንዲህ ያለ ውጤት ነው።

በዚህ ጽሑፍ "ጠባይ" የምንለው እንስሳው የሚያደርገውን፣ ማለትም ሊታይ፣ ሊቆጠርና ሊመዘገብ የሚችለውን ድርጊት ነው። "ባሕርይ" የሚለውን ቃል ያልመረጥነው በአገራችን የሊቃውንት ትምህርት ውስጥ ከዚህ የጠለቀ ትርጉም ስላለው ነው። የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከውጤት ወደ ምክንያት

በ1973 የፊዚዮሎጂ ወይም የሕክምና የኖቤል ሽልማት ለሦስት የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪዎች ተሰጠ፤ ለካርል ፎን ፍሪሽ፣ ለኮንራድ ሎሬንዝና ለኒኮ ቲንበርገን። ሽልማቱ በሕክምና ዘርፍ መሰጠቱ በጊዜው ለአንዳንዶች እንግዳ ሊመስል ይችል ነበር፤ ንብን፣ ዝይንና ዓሣን ሲመለከቱ ለኖሩ ሰዎች የሐኪሞች ሽልማት! ኢቶሎጂ የሚባለው የእንስሳት ጠባይ ሳይንስ ግን በዚያን ጊዜ የራሱን ቦታ ይዞ ነበር። ቲንበርገን ከሽልማቱ 10 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ፣ "እንስሳው ይህን ለምን አደረገ?" የሚለው ጥያቄ አንድ ሳይሆን አራት ጥያቄ መሆኑን አሳይቷል። ድርጊቱን አሁን የቀሰቀሰው በአካል ውስጥና በአካባቢው ያለ ነገር ምንድን ነው? በእንስሳው ዕድሜ ውስጥ ድርጊቱ እንዴት እያደገ መጣ? ድርጊቱ ለእንስሳው ምን ይጠቅመዋል? በዝርያው የረጅም ዘመን ታሪክ ውስጥስ ከየት መጣ?

እነዚህን ጥያቄዎች ወደ ነካሹ ውሻ እናምጣቸው። የውሻው ጆሮ ቆስሎ ሕፃኑ ነክቶበት ሊሆን ይችላል፤ ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ነው። ውሻው ቡችላ ሳለ ከሕፃናት ጋር ፈጽሞ ሳይለማመድ አድጎ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሁለተኛው ነው። ማጉረምረሙ አስፈሪውን ነገር ከአጠገቡ ለማራቅ እንደሚረዳው ተምሮ፣ ማጉረምረም ሲቀጣበት ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ትቶ በቀጥታ ወደ ንክሻ ተሻግሮ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሦስተኛውን ይነካል። በአራተኛው ጥያቄ መንጋ የሚጠብቅ ዝርያና አዳኝ ዝርያ የተለያየ መልስ ይሰጡናል። ሁሉም መልሶች በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱን ብቻ ይዞ የሚሮጥ አማካሪ የሚሳሳተውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከአራቱ መካከል ሐኪምን የግድ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነው። የሊንከን ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ሚልስ፣ በብሪታንያ የእንስሳት ጠባይ ሕክምና የመጀመሪያው ፕሮፌሰር፣ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2020 ባወጡት ጽሑፍ ስለ ጠባይ ችግር ወደ ስፔሻሊስት ከተላኩ ውሾችና ድመቶች መካከል በጥንቃቄ ሲገመት ሲሶ ያህሉ የሕመም ስቃይ እንደነበረባቸው አመልክተዋል፤ በአንዳንድ ክሊኒኮች መዝገብ ድርሻው ወደ 80 በመቶ ይደርሳል። በሲሶና በ80 በመቶ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው፤ ወደየክሊኒኩ የሚላኩት እንስሳት የተለያዩ በመሆናቸው ይህ አያስደንቅም። ነገር ግን ዝቅተኛው ቁጥር እንኳ አንድ ነገር በግልጽ ይነግረናል። ስለ ጠባዩ ወደ አማካሪ ከሚወሰዱ ሦስት እንስሳት አንዱ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው አሠልጣኝ ሳይሆን መርማሪ እጅ ነው።

በ2018 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ደግሞ ድምፅ የሚፈሩ 20 ውሾችን ተመልክቷል። ከእነዚህ 10ሩ የጡንቻ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም የነበረባቸው ሲሆኑ 10ሩ ሕመም አልተገኘባቸውም። ሕመም የነበረባቸው ውሾች ድምፅ መፍራት የጀመሩት ከሌሎቹ በአማካይ 4 ዓመት ያህል ዘግይተው ነበር። 20 ውሻ ጥቂት ነው፤ የስታቲስቲክስ መምህር ቢያየው ፊቱን ያጨማድዳል። ሆኖም ለሐኪሙ የሚሰጠው ምልክት ጠቃሚ ነው። ነጎድጓድ ሳይፈራ ያረጀ ውሻ በስተርጅና ድንገት መፍራት ቢጀምር፣ ደንግጦ ሲኮማተር የሚያመው መገጣጠሚያ ይኖረው እንደሆነ መመርመር ይገባል ማለት ነው።

ማየትን መማር

እንስሳን ማየት ትምህርት ይፈልጋል ወይ? የቤት እንስሳ ያሳደገ ሰው ሁሉ "እኔ እንስሳዬን አውቀዋለሁ" ይላል። ለዚህ አባባል የተሰጠው የመጀመሪያ ከባድ መልስ የመጣው ከአንድ ፈረስ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በበርሊን ዊልሄልም ፎን ኦስተን የተባሉ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ ሐንስ የተባለ ፈረሳቸው መደመርና መቀነስ እንደሚችል ለሕዝብ ያሳዩ ነበር። ፈረሱ ጥያቄ ሲቀርብለት መልሱን በኮቴው መሬት እየመታ ይቆጥራል፤ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ያቆማል። በ1904 ጉዳዩን የመረመረ ኮሚሽን ማታለል አላገኘም፤ መምህሩም በእርግጥ አታላይ አልነበሩም። ምሥጢሩን የፈታው ኦስካር ፍንግስት ነው። እርሱ ያደረገው እጅግ ቀላል ሙከራ ነበር፤ ጠያቂው ራሱ መልሱን በማያውቅበት ጊዜ ፈረሱም መልሱን አጣ። ሐንስ ያነበው የነበረው ቁጥርን ሳይሆን፣ ቆጠራው ወደ ትክክለኛው መልስ ሲቃረብ በጠያቂው አንገትና ፊት ላይ ሳይታወቅ የሚታየውን ጥቃቅን እንቅስቃሴ ነበር። መለኪያው የሚለካውን ነገር ሲለውጠው እናያለን፤ የፊዚክስ ተማሪዎች ይህን ችግር ከሌላ አቅጣጫ ያውቁታል።

ፍንግስት ጥናቱን በ1907 ካሳተመ ወዲህ የእንስሳትን ጠባይ ለማጥናት የሚነሣ ሁሉ ይህን ታሪክ ሳይማር አያልፍም። ከአንድ ክፍለ ዘመን በኋላ ደግሞ ተመራማሪዎች የጥንቱን ችግር ገልብጠው የእንስሳውን ፊት ወደ ቁጥር መለወጥ ጀመሩ። በ2010 የአይጥን የሕመም ስሜት ከፊቷ የሚለካ ሚዛን ታተመ። በ2014 በኢጣልያ ሚላን የተመራ ቡድን ለፈረስ ተመሳሳይ ሚዛን አወጣ፤ የጆሮ ወደ ኋላ መዞር፣ የዓይን ሽፋሽፍት መጥበብ፣ ከዓይን በላይ ያለው አካባቢ መወጠር፣ እነዚህና ሌሎች ምልክቶች እያንዳንዳቸው ነጥብ ተሰጣቸው። በ2018 እንግሊዛዊቷ ሱ ዳይሰን ለሚጋለቡ ፈረሶች 24 ድርጊቶችን የያዘ ዝርዝር አቀረቡ። ከ24ቱ 8 ወይም ከዚያ በላይ በአንድ ፈረስ ላይ ከታዩ ፈረሱ የጡንቻ ወይም የአጥንት ሕመም ሊኖርበት ይችላል ተብሎ ይገመታል። ጋላቢው ግን ያንኑ ፈረስ "ግትር ነው፣ ሰነፍ ነው" ሲለው ቆይቶ ይሆናል።

እንግዲህ የዘርፉ ትምህርት ሁለት እግር አለው፤ አንዱ የሕክምና ሁለተኛው የጠባይ ሳይንስ ነው። በአንዱ ብቻ የቆመ ያነክሳል። አውሮፓ ለረጅም ዘመን የተቸገረችው ሁለቱ እግሮች በአንድ ሰው ላይ እንዴት እንደሚገኙ ነበር።

የትምህርቱ መሰላል

የዘመናዊ እንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የመጀመሪያው በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ በ1761 በክሎድ ቡርዥላ አማካይነት ተቋቋመ። ያቋቋመው ችግር የውሻ ጠባይ ሳይሆን የከብት እልቂት ነበር፤ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገበሬውን ባዶ እጁን ያስቀረው ነበር። ይኸው በሽታ ከ1888 ጀምሮ ወደ አገራችን ገብቶ አባቶቻችን "ክፉ ቀን" ላሉት ረኀብ ዋና ምክንያት እንደሆነ ይታወቃል፤ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው። ይህን የምናነሣው የእንስሳት ሕክምና ሥርዐተ ትምህርት ለምን ለብዙ ዘመን በከብት፣ በፈረስና በሥጋ ምርመራ ዙሪያ እንደተቀረጸ ለማስረዳት ያህል ነው።

በዛሬው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ፣ ማለትም በ2005 በወጣውና የባለሙያዎችን ማስረጃ እርስ በርስ ስለ መቀበል በሚደነግገው መመሪያ መሠረት፣ የእንስሳት ሐኪም ለመሆን ቢያንስ 5 ዓመት የሙሉ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ያስፈልጋል። በአንድ አባል አገር የተመረቀ ሐኪም በሌላው አገር ተመዝግቦ መሥራት የሚችለውም በዚሁ ነው። ከላይ የጠቀስነው የትምህርት ዝርዝር የዚህ መመሪያ አባሪ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የእንስሳት ጠባይና ጥበቃ የሚል ትምህርት አለ፤ ነገር ግን የተመደበበት ቦታ አስገርሞናል። ከቀዶ ሕክምናና ከውስጥ ደዌ ጋር ሳይሆን ከመኖና ከእርሻ ኢኮኖሚ ጋር፣ በእንስሳት እርባታ ምድብ ሥር ነው። ጠባይ የአረባቡ ጉዳይ እንጂ የበሽተኛው ጉዳይ አይደለም እንደ ማለት ይመስላል። በሊስቦን ስምምነት፣ በ2009 ሥራ ላይ በዋለው፣ እንስሳት ስሜት ያላቸው ፍጡራን መሆናቸውን የተቀበለ ኅብረት የትምህርት ዝርዝሩን እንዲህ መተዉ ለእኛ የተጣጣመ አልመሰለንም። በተግባር ግን ብዙ ፋኩልቲዎች ከዝርዝሩ ርቀው ሄደዋል፤ ክሊኒካዊ የጠባይ ትምህርት ይሰጣሉ።

ከዲግሪው በላይ ያለው መካከለኛ እርከን በየአገሩ የተለያየ ነው። በጀርመን ሥልጣኑ የአገሪቱ ማዕከላዊ መንግሥት ሳይሆን የ17ቱ የእንስሳት ሐኪሞች ምክር ቤቶች ነው። ምክር ቤቱ ሁለት ዓይነት ማዕረግ ይሰጣል፤ አንዱ ረዘም ያለ ሥልጠና የሚጠይቅ የጠባይ ስፔሻሊስት ሐኪምነት፣ ሌላው ከሐኪምነት ስም ጋር የሚጨመር የጠባይ ሕክምና ተጨማሪ መጠሪያ ነው። መስፈርቱ ከክልል ክልል ስለሚለያይ በአንዱ ክልል የተሰጠው ማዕረግ በሌላው በትክክል ያንኑ ላይሆን ይችላል። በፈረንሳይ ከብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚገኝ የጠባይ ሐኪምነት ዲፕሎማ አለ። ፈረንሳዮች ከሌሎቹ ይልቅ ለሥነ አእምሮ ሕክምና የቀረበ አስተሳሰብ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ሙያውን በቀጥታ የእንስሳት ሥነ አእምሮ ሕክምና ብለው ይጠሩታል። በኢጣልያ የፒዛ ዩኒቨርሲቲ፣ በስፔን የባርሴሎና ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዘርፍ የታወቁ ናቸው።

ፈረንሳይ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ የመግቢያችንን ጥያቄ በሕግ የመለሰች አገር ናትና። ከተከታታይ የንክሻ አደጋዎች በኋላ በሰኔ 2008 በወጣው ሕግ መሠረት ሰው የነከሰ ውሻ ለከተማው ከንቲባ ይነገራል፤ ከዚያም ለዚሁ ሥራ በተዘጋጀ መዝገብ ውስጥ ስሙ በሚገኝ የእንስሳት ሐኪም ጠባዩ ይገመገማል። ሐኪሙ ውሻውን ከ4 የአደገኛነት ደረጃዎች በአንዱ ይመድበዋል። ደረጃ 1 ማለት ማንኛውም ውሻ ውሻ በመሆኑ ብቻ ካለው አደጋ የተለየ የለበትም ማለት ነው፤ በደረጃ 4 የተመደበ ውሻ ግን ሕይወቱ አጠያያቂ ይሆናል። የአንድ ሰው ግምገማ እንዲህ ያለ ክብደት ሲኖረው የሰውየው ትምህርት የግል ጉዳይ መሆኑ ያበቃል።

የመሰላሉ ጫፍ አገር አቀፍ ሳይሆን አውሮፓ አቀፍ ነው። በ1996 የአውሮፓ የእንስሳት ሕክምና ስፔሻላይዜሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ ዛሬ ከ25 በላይ ኮሌጆች በሥሩ ይገኛሉ። እዚህ ላይ "ኮሌጅ" ሲባል ሕንፃና መማሪያ ክፍል ያለው ተቋም ማለት አይደለም፤ የሙያው ስፔሻሊስቶች ተሰብስበው መስፈርት የሚያወጡበትና የሚፈትኑበት ማኅበር ነው። የጠባይ ሐኪሞች ኮሌጅ የተመሠረተው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን በመጀመሪያ ስሙ በቤት እንስሳት የተወሰነ ነበር። በኋላ ከእንስሳት ደኅንነት ባለሙያዎች ጋር ተዋሕዶ የአውሮፓ የእንስሳት ደኅንነትና የጠባይ ሕክምና ኮሌጅ ሆኗል። በዚህ ኮሌጅ ውስጥ ሁለት ዘርፎች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዱ የጠባይ ሕክምና፣ ሁለተኛው የእንስሳት ደኅንነት ሳይንስ፣ ሥነ ምግባርና ሕግ ነው።

ወደዚህ ጫፍ የሚወጣ ወጣት መንገዱን ቢያሰላ እንዲህ ይሆናል። 5 ዓመት ዲግሪ፣ ከዚያ 1 ዓመት ኢንተርንሺፕ ወይም ተመጣጣኝ የክሊኒክ ሥራ፣ ከዚያ ሬዚደንሲ የሚባለው፣ በስፔሻሊስት ቁጥጥር ሥር የሚደረግ ቢያንስ 3 ዓመት ሥልጠና። በሬዚደንሲው ዘመን ያከማቸውን የበሽተኛ መዝገብ ያቀርባል፤ ምርምር በሳይንሳዊ መጽሔት ያሳትማል፤ በመጨረሻም ለፈተና ይቀመጣል። ድምሩ ቢያንስ 9 ዓመት ነው፤ በሥራ ላይ ሆኖ ለሚማር ሰው ከዚህ ይረዝማል። ፈተናውን ማለፍም የመጨረሻው አይደለም። ስፔሻሊስቱ በየ5 ዓመቱ ሙያውን እየሠራና እየተማረ መሆኑን አሳይቶ ማዕረጉን ማሳደስ አለበት። እኛ የዩኒቨርሲቲ መምህራን አንድ ጊዜ በተሰጠን ዲግሪ ዕድሜ ልካችንን መኖራችንን ስናስብ ይህ ደንብ ትንሽ ያሳፍረናል።

ባለቤት የሌለው ስም

እስካሁን የተመለከትነው የሐኪሞቹን መንገድ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ግን ሌላ ሰፊ መንገድ አለ፤ በሩም ብዙ ጊዜ ጠባቂ የለውም። በብሪታንያ በ1966 በወጣው አዋጅ መሠረት የእንስሳት ሐኪም የሚለው ስም በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በሽታን መመርመርና መለየትም የተመዘገበ ሐኪም ሥራ ነው። "የጠባይ ባለሙያ" የሚለው መጠሪያ ግን በሕግ የተጠበቀ አይደለም። ትናንት ሌላ ሥራ የነበረው ሰው ዛሬ ይህን ስም በበሩ ላይ ቢለጥፍ የሚከለክለው ሕግ የለም። በአብዛኛው አውሮፓም ሁኔታው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር በቆየንባቸው ዓመታት በየእንስሳት ምግብ መደብሩ ሰሌዳ ላይ የውሻ ሳይኮሎጂስት፣ የድመት አማካሪ፣ የፈረስ ቋንቋ አዋቂ የሚሉ ማስታወቂያዎች ተደርድረው እናይ ነበር። ከስሞቹ በስተጀርባ የትኛው የ4 ዓመት ዲግሪ፣ የትኛው የቅዳሜና እሑድ ኮርስ እንዳለው አላፊ አግዳሚው ሊለይ አይችልም።

ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሐኪም ሳይሆኑ በእንስሳት ጠባይ ሳይንስ ጠለቅ ያለ ትምህርት ያላቸው ባለሙያዎች አሉ። የጠባይ ሳይንስ ራሱ ያደገው በአብዛኛው በሥነ ሕይወትና በሥነ ልቡና ምሁራን እጅ ነው፤ ቲንበርገንም የእንስሳት ሐኪም አልነበሩም። በብሪታንያ የእንስሳት ጠባይ ጥናት ማኅበር የዩኒቨርሲቲ ዲግሪና በተግባር የተፈተነ የሥራ ልምድ ላላቸው ሰዎች የክሊኒካዊ የጠባይ ባለሙያነት ማረጋገጫ ይሰጣል፤ እነዚህም እንስሳውን የሚቀበሉት አስቀድሞ ሐኪም መርምሮ ሲልክላቸው ነው። ይህ ሥርዐት ጥሩ ነው ብለን እናምናለን፤ ጉድለቱ መመዝገብ በፈቃደኝነት መሆኑ ነው። ጀርመን በበኩሏ ከነሐሴ 2014 ጀምሮ የሰውን ውሻ ለገንዘብ የሚያሠለጥን ሁሉ በእንስሳት ጥበቃ ሕጉ መሠረት ከባለሥልጣን ፈቃድ እንዲያወጣና ዕውቀቱን እንዲያስረዳ አድርጋለች።

ስሙ ባለቤት ማጣቱ ለምን እንደሚያሳስብ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ሩዶልፍ ሼንከል በ1947 በስዊዘርላንድ ባዝል የእንስሳት ማቆያ ውስጥ የነበሩ ተኩላዎችን አጥንተው ስለ መንጋ የበላይነት ጻፉ። ተኩላዎቹ በጠባብ ቦታ አብረው እንዲኖሩ የተደረጉ ስለነበሩ ፉክክሩ የበረታ ነበር። ከዚህ የመነጨው ሐሳብ ከተኩላ ወደ ውሻ ተሻገረና "ውሻህ ሊገዛህ ይፈልጋል፤ ቀድመህ አንበርክከው" የሚል የአሠለጣጠን ዘዴ ሆነ። አሜሪካዊው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሜክ በ1999 በዱር የሚኖር የተኩላ መንጋ በመሠረቱ ወላጆችና ልጆቻቸው የሚኖሩበት ቤተሰብ መሆኑን፣ "የበላይ" የተባሉትም ወላጆቹ መሆናቸውን አስረዱ። ሳይንሱ ታረመ፤ ዘዴው ግን በገበያ ላይ ቀረ። በሕመም ምክንያት የሚያጉረመርም ውሻ በዚህ ዘዴ በጀርባው ተገልብጦ መሬት ላይ ሲጫን ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። ዌልስ በ1ኛ ደረጃ የሚያስጨንቀውን መሣሪያ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስነዝረውን የውሻ አንገት ማሰሪያ፣ በ2010 አግዳለች።

በሐኪሙና በሌላው አማካሪ መካከል ሕግ በግልጽ ያሰመረው ወሰን መድኃኒት ነው። ብቻቸውን ሲቀሩ ጭንቀት ለሚይዛቸው ውሾች ክሎሚፕራሚን የተባለው መድኃኒት በአውሮፓ ኅብረት በ1998 ተፈቀደ፤ ፍሉኦክሴቲን በ2008 ተከተለ። ሁለቱም በሰው የሥነ አእምሮ ሕክምና የታወቁ ናቸው። ድምፅ ለሚፈሩ ውሾች በድድ ላይ የሚቀባ ዴክስሜዴቶሚዲን የተባለ መድኃኒት በ2015 ተፈቅዷል። እነዚህን ማዘዝ የሚችለው የእንስሳት ሐኪም ብቻ ነው። ሆኖም የሁለቱ የመጀመሪያ መድኃኒቶች ፈቃድ ራሱ ክኒኑ ከጠባይ ማስተካከያ ሥልጠና ጋር እንዲሰጥ ይላል። ስለዚህ ክኒኑን የሚያዝ ሐኪም ሥልጠናውን ካላወቀ፣ ሥልጠናውን የሚያውቅ አማካሪ ክኒኑን ማዘዝ ካልቻለ፣ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተገናኙ በስተቀር ውሻው ግማሽ ሕክምና ያገኛል።

ከውሻና ከድመት ወዲያ

የኮሌጁ ስም ከቤት እንስሳት መስፋቱ የቃል ለውጥ ብቻ አልነበረም። በትላልቅ የአሳማ እርባታዎች አሳማዎች አንዱ የሌላውን ጅራት እየነከሱ ያቆስላሉ። የቆየው መፍትሔ ቀላል ነበር፤ ጅራቱን በሕፃንነቱ መቁረጥ። የአውሮፓ ኅብረት የ2008 መመሪያ ይህን እንደ ዘወትር ልማድ መፈጸም ይከለክላል፤ አስቀድሞ የመኖሪያው ሁኔታና መጨናነቁ እንዲሻሻል ያዛል። ፊንላንድና ስዊድን ፈጽመው ከልክለውታል፤ በአብዛኞቹ አባል አገሮች ግን ቆረጣው አሁንም የተለመደ ነው። ጅራት የሌለው አሳማ ጅራቱን አይነከስም፤ የመናከሱ ምክንያት የሆነው መሰላቸትና መጨናነቅ ግን በቦታው አለ። የሙቀት መለኪያውን ሰብሮ ትኩሳቱ ጠፋ እንደ ማለት ነው። እዚህ ላይ በሽተኛው አንድ እንስሳ ሳይሆን መንጋው፣ ሐኪሙም የሚመረምረው ገላን ሳይሆን ጎተራውን ነው።

ለአገራችን ተማሪዎች ይበልጥ የሚቀርበው ግን አህያ ነው። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም አገሮች በግንባር ቀደምትነት ትጠቀሳለች፤ መቀመጫውን በእንግሊዝ ያደረገ የአህያ በጎ አድራጎት ድርጅትም በቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጋር ለረጅም ዓመታት ሠርቷል። አህያ ሕመሟን ከፈረስ ይልቅ ትሸፍናለች። በፈረስ የሠለጠነ ዓይን አህያን ሲያይ "ደኅና ናት፣ ዝም ብላ ቆማለች" ይላል፤ ዝም ብላ መቆሟ ራሱ ምልክት ሊሆን ይችላል። በ2020 የኔዘርላንድስና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ለአህያ ብቻ የተዘጋጀ የሕመም መለኪያ ሚዛን አሳትመዋል። የጭንቅላት አያያዝ፣ የጆሮ አቀማመጥ፣ የዓይን ሽፋሽፍት፣ ለድምፅ የምትሰጠው ምላሽና ሌሎችም በነጥብ ይሞላሉ። ሥራው የሚጠይቀው ማሽን የለም፤ አንድ ወረቀት፣ አንድ እርሳስ፣ ጥቂት ደቂቃ ትዕግሥትና ማየት የለመደ ሰው ይበቃዋል።